ልምምድ ዕቁብ አይደለም፤ ያመለጠው አይከፈልም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

የስፖርት ገጻችሁ የታላላቅ ሯጮቻችንን ልምምድ ሲያወጣ ደስ ብሎን እናነባለን። ነገር ግን ጎንደር ውስጥ ማለዳ ቱታ ለብሶ የምታዩት ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንጀራው ሩጫ አይደለም። የባንክ ኦዲተር ነው፤ የሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ ከወረዳ ወረዳ የሚዞር የጤና ባለሙያ ነው። ሰኞ ፊልድ ይወጣል፣ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ይመለሳል፣ እሑድ ረጅም ሩጫ ይጠብቀዋል። ከገጻችሁ የሚቀዳው ኪሎ ሜትሩን ብቻ ነው። ታላቁ ሯጭ በጠዋቱና በማታው ልምምድ መካከል የሚተኛውን የቀን እንቅልፍ ግን ከየት አምጥቶ ይቅዳው? ለዚህ ዓይነቱ ሯጭ የሚጠቅመውን እኛው ጽፈን ልከናል፤ ብታወጡልን።

ሥራ እያዞረው የሚሮጥ ሰው ትልቁ ስሕተቱ ያመለጠውን ልምምድ ለመክፈል መሞከሩ ነው። ዕቁብተኛ ያልጣለውን ሳምንት በሚቀጥለው ደርቦ ይጥላል፤ ልምምድ ግን ዕቁብ አይደለም። መተማ ከርሞ የተመለሰ ሰው ዓርብ ዳገቱን፣ ቅዳሜ ፍጥነቱን፣ እሑድ ረጅሙን ከደረደረ ሰኞ ጠዋት ደረጃ ሲወርድ ባቱ ወይም ጉልበቱ ይይዘዋል። ሰውነት የሚጠነክረው በሩጫው ሰዓት ሳይሆን ከሩጫው በኋላ ሲያርፍ ነው። ከአንድ ከባድ ልምምድ እስከሚቀጥለው ቢያንስ 48 ሰዓት ያስፈልጋል። ሚኒባስ ውስጥ የዋለ ሰው ደግሞ አረፈ አይባልም። ዳሌው ታጥፎ፣ እግሩ አብጦ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቶ፣ መንገድ ላይ ሽንት እንዳይመጣበት ውሃ ሳይጠጣ ነው የዋለው። የጉዞ ቀን በደብተር ሲመዘገብ «ዕረፍት» ሳይሆን «ጉዞ» ተብሎ ይመዝገብ፤ እንደ መካከለኛ ልምምድም ይቆጠር።

የሚያስፈራውን ያህል የሚጠፋ ነገርም የለም። ሳምንት ባይሮጡ ኮንዲሽን አይጠፋም። መውረዱ በግልጽ የሚታየው ሙሉ በሙሉ ቆሞ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲያልፍ ነው። እስከ ሦስት ቀን ያመለጠው ሰው ምንም እንዳልሆነ ቆጥሮ ከደረሰበት ይቀጥል። ከአራት እስከ ሰባት ቀን የቆመ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ልምምዶች ዱብ ዱብ ብቻ ያድርግ። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆመ ደግሞ ከቀድሞው ሳምንታዊ ርቀት በግማሽ ይጀምር፤ ወደ ሙሉው ለመመለስም ሦስት ሳምንት ይስጠው።

በሳምንት አራት ቀን ለሚሮጥና ከሰኞ እስከ ሐሙስ ፊልድ ላለበት ሰው የምንመክረው ይህን ነው። ሰኞ ጉዞ ስለሆነ ሩጫ የለም፤ ሲደርስ ሻንጣውን አስቀምጦ 20 ደቂቃ በእግሩ ይሂድ፤ እግሩ ላይ የተጠራቀመውን እብጠት ያ ይበትነዋል። ማክሰኞ ማለዳ 30 ደቂቃ ዱብ ዱብ። ረቡዕ 10 ደቂቃ ካሟሟቀ በኋላ አንድ ደቂቃ ፈጠን፣ ሁለት ደቂቃ ቀስ፣ ይህንኑ ስምንት ጊዜ፤ መጨረሻ ላይ 10 ደቂቃ ማቀዝቀዣ። ሁሉም ተደማምሮ ከ45 ደቂቃ አይበልጥም። እዚህ ላይ የሚሳሳቱ ብዙዎች ናቸው፤ ቀኑ አጭር ነው ብለው ፍጥነቱን ይተውና 40 ደቂቃ ዝም ብለው ይሮጣሉ። ጊዜ ሲያጥር መቀነስ ያለበት ርቀቱ ነው፤ ትንሽ ፍጥነት ከተያዘ አቅም ለሳምንታት ይቆያል። ሐሙስ ጉዞ ነው። ዓርብ እንቅልፍ ነው። ቅዳሜ 40 ደቂቃ በቀላሉ፤ እሑድ ረጅሙ ሩጫ፣ ከተለመደው ሩብ ተቀንሶ። 90 ደቂቃ የሚሮጥ የነበረ 65 ወይም 70 ደቂቃ ላይ ያቁም።

«ቀላል» ስንል መለኪያው ወሬ ነው፤ አጠገብ ካለው ጓደኛ ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ያልቻለ ሰው ዱብ ዱብ እያለ አይደለም። ከኢንተርኔት በተቀዳ ሠንጠረዥ ላይ ያለው የኪሎ ሜትር ሰዓት ብዙውን ጊዜ ለባሕር ጠለል አካባቢ የተሠራ ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ በዚያው ሰዓት ለመሮጥ የሚታገል ሰው ቀላሉን ቀን ሁሉ ከባድ ያደርገዋል።

ስለ አዘዞ መንገድ ለብቻው ማንሳት አለብን። ከፒያሳ እስከ አዘዞ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲወረድ 200 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ብዙ ሰው ትኩስ ጉልበት ይዞ ቁልቁል ይለቀዋል፤ ሰዓቱን አይቶ ይደሰታል፤ አዘዞ ደርሶ በታክሲ ይመለሳል። ቁልቁለት ግን ለትንፋሽ ቀላል፣ ለጭን ከባድ ነው። ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደት ስለሚይዝ ውስጡ ይሰነጣጠቃል። ሕመሙም በማግስቱ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ቀን ነው የሚብሰው። እሑድ አዘዞ የወረደ ሰው ማክሰኞ ፊልድ ላይ ሲያነክስ ጥፋቱን በሚኒባሱ ወንበር ያሳብባል። በድካም ሳምንት አሠራሩ ይገልበጥ፤ በታክሲ ይወረድና በእግር ይወጣ። ዳገት ልብንና ሳንባን ያሠራል፤ ጡንቻን ግን እንደ ቁልቁለት አይጎዳም። ፍጥነቱ የሚያሳፍር ቢሆንም ግድ የለም። ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት መጨረስ ይበጃል፤ ከዚያ በኋላ የከባድ መኪናው ጭስ ዳገት ላይ እያለከለኩ የሚሳብ አይደለም። አስፋልት ለደከመ ባት ደረቅ ነው፤ ዳር ዳሩን ኮሮኮንች ባለበት መሮጥ ይሻላል፤ ቁርጭምጭሚቱ ደካማ የሆነ ግን ጨለማ ውስጥ አይሞክረው።

ጨለማ ካነሳን ውሻም አለ። ውሻ ሲመጣ መሮጥ ማባባስ ነው፤ ቆም ብሎ ፊትን ወደ እሱ አዙሮ በዝግታ መራቅ ነው። ከነከሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ለክትባት ጤና ተቋም መድረስ ያስፈልጋል። «ትንሽ ጭረት ናት» ብሎ ወደ ሥራ መሄድ የለም።

የጎንደር ተጓዥ ችግሩ መንገዱ ብቻ ሳይሆን የሚደርስበት ከፍታም ነው። መተማና ሁመራ ከ1,000 ሜትር በታች ናቸው። አየሩ ወፍራም ስለሆነ ትንፋሽ ይቀላል፤ ሰውም «ዛሬስ ተሽሎኛል» ብሎ ይለቀዋል። ሙቀቱ ግን ደም ወደ ቆዳ ይስባል፤ ልብ ለእግርም ለማቀዝቀዣም በአንድ ላይ መሥራት ይገደዳል፤ ያው ፍጥነት በጎንደር ከሚጠይቀው የልብ ምት በላይ ይጠይቃል። በመጋቢትና በሚያዝያ ከረፋዱ በኋላ መሮጥ ጨርሶ አይሞከርም። ሰውነት ሙቀትን የሚላመደው ከ7 እስከ 14 ቀን ስለሆነ የአራት ቀን ፊልድ አያላምድም። ሰዓቱን ከእጅ አውልቆ በስሜት መሮጥ ነው። ለላብ ምትክ፦ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ከዚህ በላይ ጨው መጨመር አያስፈልግም፤ ሲበዛ ጥማትንና ማስታወክን ያመጣል።

ቆላ ደርሶ የተመለሰ ሰው ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ድካም፣ ራስ ምታትና ብርድ ብርድ ማለት ከያዘው «ልምምድ በዝቶብኝ ነው» ብሎ አይተርጉመው። ወባ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ጊዜ ውስጥ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ የደም ምርመራ፤ ትኩሳት እያለ መሮጥ ደግሞ ለልብ አደጋ ነው። ቆላ ሲታደርም አጎበር ከመሮጫ ጫማ ይቀድማል።

ደባርቅ ሌላ ነው፤ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ፍጥነት አይሠራበትም፤ እንቅልፍም ይቆራረጣል። ብርዱ ጥማትን ስለሚደብቅ ሽንት ሲጠቁር ብቻ ነው ሰው ውሃ ማነሱን የሚያውቀው።

ድካሙ የጉዞ ይሁን የልምምድ ወይስ የበሽታ፣ ለመለየት ከሰዓት ሱቅ የሚገዛ ነገር የለም። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ፣ ስልክ ሳይነኩ፣ ሁለት ጣት አንጓ ላይ አድርጎ ለ30 ሰከንድ የልብ ምትን መቁጠርና በሁለት ማባዛት ነው። በሰላሙ ሳምንት አምስት ጠዋት ተቆጥሮ አማካዩ ይያዝ። አማካዩ 56 የሆነ ሰው በተከታታይ ሁለት ጠዋት 63 እና ከዚያ በላይ ካገኘ የዕለቱ ከባድ ልምምድ ወደ ዱብ ዱብ ይለወጥ። ሦስተኛም ቀን ካልወረደ ይረፍ። ሌሊቱን ከአምስት ሰዓት በታች የተኛም እንዲሁ። ቁጥሩ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ትንፋሽ የሚያጥርና ለሳምንታት የሚደክም ካለ፣ በተለይ ሴቶች፣ የብረት ክምችትን ያስመርምር። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ደህና ሆኖ የብረት ክምችቱ ሊጎድል ይችላል፤ ሳይመረመሩ ኪኒኑን መዋጥ ግን አይደገፍም።

ጾምን በሚመለከት «ጾም ላይ አይሮጥም» የሚለው ልክ አይደለም። ሽሮ፣ ምስር፣ ተልባ፣ አንድ ብርቱካን ወይም ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ ከተገናኙ ይበቃሉ፤ ጎምዛዛ ነገር ብረቱ በሰውነት እንዲወሰድ ያግዛል። የሚጎዳው ምግቡ ሳይወርድ የሚከተለው ቡና ነው። ቡናና ሻይ ከእህል የሚገኘውን ብረት ያስራሉ፤ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ማቆየት ነው። ከሰዓት በኋላ ከ9 ሰዓት ወዲህ የሚፈላ ቡና ደግሞ እስከ በረካ ከዘለቀ የሌሊቱን እንቅልፍ ይበላል። ፊልድ ላይ በአበል የሚበላው ጥብስና ቢራም እንደዚያው፤ ቢራ ቶሎ ያስተኛል፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ግን ያነቃል።

ለስንቅ ከበሶ የሚሻል የለም። አራት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ ግማሽ ሊትር ውሃ፣ አንድ ማንኪያ ማር፣ ቁንጥር ጨው። ከሩጫ 45 ደቂቃ በፊት ወይም ወዲያው ከሩጫ በኋላ ይጠጣል፤ ጫማ አስሮ መጠጣት ሆድን ይይዛል። በጠርሙስ በጥብጦ መንገድ መውጣት ስሕተት ነው፤ ቆላ ላይ እስከ ቀትር ይቦካና ክዳኑን ያፈናጥራል። ዱቄቱን ለብቻ በላስቲክ ይዞ ሲጠጡ መበጥበጥ ነው።

ጫማው ፖርቶ መጋላ ላይ አይጫን፤ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፤ ሻንጣ ቢቀር ጫማ አይቀርም። ከቦንዳ የሚገዛ ሰው ከላይ ያለውን ንጣት አይይ፤ ተረከዙና ጫፉ በሁለት እጅ ተይዞ ይጠምዘዝ። እንደ ጨርቅ የሚታጠፍና በጎኑ የተሸበሸበ ስፖንጅ ያለው ጫማ ዕድሜውን ጨርሷል።

ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ለሚካሄደው፣ በ1994 ዓ.ም. ለተጀመረው 10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ የሚሄዱት ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛሉ። በአውቶቡስ የሚሄድ ቅዳሜ ማታ ደርሶ እሑድ ጠዋት መሮጥ የለበትም፤ ዓርብ ይድረስ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ርቀቱን በግማሽ ይቀንስ፤ አጭር ፍጥነቱን ግን አይተው። ሰዉ ብዙ ስለሆነ የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር መገፋፋት ነው፤ እዚያ እየተጠማዘዙ ለማለፍ የወጣ ጉልበት በኋላ ዳገት ላይ ይፈለጋል።

ለአዘጋጁ የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። በወር አንድ ጊዜ ከታላላቆቹ ዜና አጠገብ፣ ደመወዝ እየበላ ለሚሮጠው ሰው የሚሆን ሩብ ገጽ ይሰጠን። የመጀመሪያውን ርእስ ከአሁኑ እንጠቁም፦ በክረምት የጎንደር ጭቃ ላይ ምን ዓይነት ሶል ይይዛል።

የማለዳ ሯጮች
ከጎንደር