ፎቶዎቻችንን የሚያደበላልቃቸው የቀን አጻጻፋችን ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የጥምቀትና የሠርግ ሰሞን ሲያልፍ በየፎቶ ቤቱ ተደጋግሞ የሚሰማ ቅሬታ አለ፦ «ፎቶው ኮምፒውተሬ ላይ አለ፣ ግን ፈልጌ ላገኘው አልቻልኩም»። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ሌላ ፕሮግራም መጫን ነው። በእኔ አስተያየት ግን ጥፋቱ የፕሮግራሙ አይደለም። የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራሞቹ፣ ላይትሩም ክላሲክም ሆነ በነጻ የሚገኘው ዲጂካም፣ ፎቶ የሚደረድሩት ካሜራው ፋይሉ ውስጥ በጻፈው ቀንና ሰዓት ነው። እኛ ደግሞ ካሜራውን በፈረንጅ ቀን እንሞላለን፣ ፎልደሩን በኢትዮጵያ ቀን እንሰይማለን፣ አንዳንዶቻችንም ሰዓቱን በሀገር ቤት አቆጣጠር እናስገባለን። ሦስቱ አንድ ዲስክ ላይ ሲገናኙ የትኛውም ፕሮግራም ሊያስታርቃቸው አይችልም።

«ጥምቀት 2016» የሚል ፎልደር እንውሰድ። ይህ ጥምቀት ለካሜራው ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ነው። እዚያው ዲስክ ላይ ከስልክ የተገለበጡ የፈረንጅ 2016 ፎቶዎች ያሉበት ሌላ «2016» ሊኖር ይችላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ አንድ ቀን «ተመሳሳይ ስም ነው» ተብለው ይቀላቀላሉ። «8 ዓመት እየደመርኩ አስተካክላለሁ» የሚል ሰውም አይሳካለትም፤ ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መለወጫ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ 8 ይሆናል። ጳጉሜን 6 ከሆነች ደግሞ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ላይ ይውላል።

የሚሠራው መንገድ ይህ ነው። የፎልደሩ ስም በፈረንጅ ዓመት፣ ወርና ቀን ይጀምር፤ ወሩና ቀኑ ሁልጊዜ በሁለት አኃዝ ይጻፉ፤ የበዓሉ ስምና የእኛ ቀን ይከተሉ፦ «2025-01-19 ጥምቀት ጃንሜዳ ጥር 11 2017»። እንዲህ ሲሆን ኮምፒውተሩ በራሱ ቅደም ተከተል ይደረድረዋል፣ ሰውም በኢትዮጵያ ቀን ያነበዋል። የለመድነው «11/5/2017» ለዚህ አይሆንም፤ ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ እዝባር (/) አይቀበልም፣ ቢቀበልም አንዱ ሜይ 11፣ ሌላው ኖቬምበር 5 ብሎ ያነበዋል።

የፎቶውን ፋይል ግን በአኃዝ ብቻ መሰየም ይሻላል፦ «2025-01-19_101532»። የግዕዝ ፊደል በዊንዶውስና በስልክ ላይ ችግር የለበትም፤ አንዳንድ ቴሌቪዥንና የማተሚያ ማሽን ላይ ግን አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ካሜራው የሰጠውን ስም እንዳለ መተውም አደጋ አለው። ብዙ ካሜራዎች እስከ 9999 ከቆጠሩ በኋላ ከ0001 ይጀምራሉ፤ ሁለት ካርድ ወደ አንድ ፎልደር ሲገለበጥ ዊንዶውስ «ይተካ?» ብሎ ይጠይቃል፣ የቸኮለ ሰው «አዎ» ይላል፣ የቀድሞው ፎቶ ይጠፋል። በላይትሩም ላይብረሪም (ፎቶዎቹ ተደርድረው በሚታዩበት ገጽ) ሆነ በዲጂካም ሁሉንም መርጦ ኤፍ 2 ን መጫንና ስሙ ከተነሳበት ቀንና ሰዓት እንዲወሰድ ማዘዝ በቂ ነው።

ስም ከመለወጥ በፊት ግን ሰዓቱ ትክክል መሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ እውነተኛው ጣጣ ያለው እዚህ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ካሜራውን «03:00» ብሎ የሞላ ሰው ካሜራውን በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ጎትቶታል። የቀኑ መለወጫ ከእኩለ ሌሊት ወደ ንጋት አሥራ ሁለት ይሸሻል። በከተራ አዳር ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተነሳው ሁሉ በዋዜማው ቀን ይመዘገባል። ብቻውን ቢሆን ብዙም አይጎዳም። ሠርግ ላይ ግን ሁለት ካሜራ ይኖራል፤ አንዱ በሀገር ቤት፣ ሌላው በፈረንጅ ሰዓት ተሞልቶ ከሆነ ሙሽራዋ በአንዱ ካሜራ ኬክ ቆርሳ፣ በሌላው ገና ሜካፕ ስትቀባ ትታያለች።

ይህ ይስተካከላል። በላይትሩም ላይብረሪ ውስጥ የተሳሳተውን ካሜራ ፎቶዎች ብቻ በካሜራ ሞዴል ወይም በሲሪያል ቁጥር ለይቶ መምረጥ፤ ከሜታዳታ (ፎቶው ውስጥ የተመዘገበ መረጃ) ዝርዝር «ኤዲት ካፕቸር ታይም» ን መክፈት፤ የሰዓት ልዩነት የሚለውን መርጦ 6 መደመር። ልዩነቱ ድፍን ሰዓት ካልሆነ ግን የመጀመሪያው ፎቶ ትክክለኛ ቀንና ሰዓት ይጻፍ፤ የተመረጡት ሌሎቹ በዚያው መጠን አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ዲጂካምም ቀንና ሰዓት ማስተካከያ አለው። ትክክለኛውን ልዩነት ለማወቅ የሥራው ቀን ሲጀምር በሁለቱም ካሜራ የአንድ ስልክ ሰዓት ሰከንዱ እየታየ ይነሳ። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፣ በኋላ ግን የአንድ ሌሊት ግምት ያስቀራል። ባትሪው ብዙ ወር ወጥቶ የቆየ ካሜራ ቀኑን ረስቶ ወደ ፋብሪካው መነሻ ይመለሳልና እሱንም ማየት ነው።

የቆዩ የወረቀት ፎቶዎች ስካን ሲደረጉ ስህተቱ በተቃራኒው ይመጣል። ከጀርባው «ጥቅምት 1967» ተብሎ የተጻፈ ፎቶ ለፕሮግራሙ 1967 ተብሎ ከተሰጠው በ7 ዓመት ይሸሻል፤ ትክክለኛው ኦክቶበር ወይም ኖቬምበር 1974 ነው። ቀኑ ካልታወቀ የወሩን መጀመሪያ ሰጥቶ «ቀኑ በግምት» የሚል ቁልፍ ቃል መለጠፍ፣ ጀርባውንም ስካን አድርጎ አብሮ ማስቀመጥ ይበጃል። ለ10 በ15 ሴንቲሜትር ፎቶ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ይበቃል፤ ወደ 2400 በ3500 ፒክሰል ገደማ ይሰጣል።

ቁልፍ ቃል ካነሳን አይቀር፣ ሞክሼ ፊደላት ፍለጋን ይገድላሉ። አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ከለጠፈ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የቤተሰቡን ስም፣ ቦታውንና በዓሉን አንዴ በአንድ አጻጻፍ መዝግቦ፣ ከዚያ ወዲያ ሳይጽፉ ከዝርዝሩ መምረጥ ነው።

ስለ ላይትሩም ካታሎግ ያለው የተሳሳተ እምነት ብዙ ሰው አስለቅሷል። ካታሎጉ ፎቶ የለበትም፤ ፎቶው የት እንዳለና ምን እንደተደረገበት የሚናገር መዝገብ ነው። ፕሮግራሙ ሲዘጋ «ባክአፕ ልውሰድ?» የሚለውም ይህንኑ መዝገብ እንጂ ፎቶውን አይደለም፤ ካልተለወጠ በቀር የሚያስቀምጠውም እዚያው ካታሎጉ አጠገብ ነው። ዲስኩ ከሞተ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ባክአፑ ወደ ሌላ ዲስክ ይመራ፣ የፎቶ ፎልደሮቹም ለብቻቸው ይገልበጡ። በካታሎግ ሴቲንግስ ውስጥ ለውጡን በራሱ ወደ ኤክስኤምፒ (ከካታሎጉ ውጭ ከፎቶው ጋር ወደሚቀመጥ መረጃ) እንዲጽፍ ማዘዝም ጥሩ ነው፤ ለሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀናብር ላስቀመጠው ጥሬ ፎቶ) አጠገቡ ትንሽ ፋይል ይፈጥራል፣ ለጄፔግ እዚያው ውስጡ ይጽፋል። ካታሎጉ ቢበላሽ ቁልፍ ቃሉና እርማቱ ይተርፋሉ፤ ኮሌክሽኖች (ካታሎጉ ውስጥ ብቻ ያሉ የፎቶ ስብስቦች) ግን አይተርፉም። ፎልደር ማንቀሳቀስም ከላይትሩም ውስጥ ይሁን። በዊንዶውስ ያንቀሳቀሰው ሰው የጥያቄ ምልክት ይጠብቀዋል፤ ያኔ ፎልደሩን በቀኝ ጠቅ አድርጎ የጠፋውን ፎልደር ፈልግ ማለት እንጂ ደግሞ ማስገባት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሙያ ባልደረቦቼ። ደንበኛው ፎቶውን በቀን መደርደር ያልቻለው እኛ ቀኑን አጥፍተን ስለሰጠነው ሊሆን ይችላል። በፎቶሾፕ «ሴቭ ፎር ዌብ» የተቀመጠ ፎቶ፣ ምርጫው ካልተለወጠ፣ የተነሳበትን ቀን ይጥላል። ላይትሩም ሲያወጣም የሜታዳታ ምርጫው «ኮፒራይት ኦንሊ» ላይ ከሆነ እንዲሁ። «ኦል ሜታዳታ» ይደረግ። የመኖሪያ አድራሻ እንዳይወጣ ለሚሰጋ የቦታ መረጃውን ብቻ የሚያስቀር ምልክት እዚያው ሥር አለ።

ቴሌግራምና ዋትሳፕም ያው ናቸው። 6000 በ4000 ፒክሰል የሆነ ፎቶ በተለመደው መንገድ በቴሌግራም ሲላክ ረጅሙ ጎኑ ብዙ ጊዜ 1280 ይሆናል፣ የተነሳበት ቀንም ከውስጡ ይጠፋል። በ300 ዲፒአይ ሲታተም ዋናው 50 ሴንቲሜትር ይደርስ ነበር፤ የተላከው 11 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። በውጭ ያሉ ዘመዶች የላኩት ፎቶ ለግድግዳ አልበቃ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፤ መፍትሔው «እንደ ፋይል» መላክ ነው።

እናንተም አንባቢያን የቆየ ፎቶ እንዲልኩላችሁ ስትጠይቁ፣ እንደ ፋይል እንዲልኩና ዓመቱ የኢትዮጵያ ይሁን የፈረንጅ ለይተው እንዲጽፉ ከማስታወቂያው ሥር አንድ መስመር ብትጨምሩ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፎቶግራፍ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ