የአውቶ ሜካኒክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ባለ 3 ሊትሩ ፌራሪ እንዴት አደገ?

ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ አንድ ርዕስ ይዞ ቆይቷል፤ እርሱም ፌራሪ 250 ቴስታ ሮሳ የተባለው የጣሊያን የረጅም ርቀት ውድድር መኪና እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1962 ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደ ተሻሻለ ማጥናት ነው። «ልጆቹ ስለ ባለጸጎች መኪና ከሚያወሩ ለፈተና ቢያነቡ አይሻልም ወይ?» የሚለው አስተያየት በመምህራን ማረፊያ ክፍል ደጋግሞ ስለደረሰኝ፣ መልሱን እዚሁ ማስቀመጥ እወዳለሁ። መኪናውን የመረጥነው ውድ ስለሆነ ሳይሆን መሐንዲሶቹ ሕግ እጃቸውን አስሯቸው የሠሩት ስለሆነ ነው። በ1955 ፈረንሳይ ውስጥ በሚካሄደው በለማን የ24 ሰዓት ውድድር በደረሰው አደጋ ከ80 በላይ ሰዎች ካለቁ በኋላ የሞተር መጠን ይገደብ የሚለው ሐሳብ በርትቶ፣ ከ1958 ጀምሮ ከ3 ሊትር የበለጠ ሞተር ለዓለም የስፖርት መኪናዎች ሻምፒዮና እንዳይቀርብ ተወሰነ። ፌራሪም ትልልቆቹን ሞተሮች ትቶ፣ ጆአኪኖ ኮሎምቦ ከጦርነቱ ማግስት በ1.5 ሊትር የጀመረውንና እያደገ 2,953 ሲሲ የደረሰውን ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ይዞ መቅረብ ነበረበት። መጠኑ ካልጨመረ ጉልበቱ ከየት ይመጣል? ይህ ጥያቄ የፊዚክስ ጥያቄ ካልሆነ የትኛው እንደሚሆን አላውቅም።

መደበኛ ስብሰባዎቻችንን በተመለከተ፣ አባላት ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በቤተ ሙከራ ተገናኝተዋል፣ ሥራ አስፈጻሚ መርጠዋል፣ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይም ጽሑፎች አቅርበዋል፤ ዝርዝሩ በቃለ ጉባኤ ስለሚገኝ አልደግመውም።

በሰፊው ልናገርለት የምፈልገው ወደ አንድ ጋራዥ ያደረግነውን ጉብኝት ነው። ከዚያ በፊት በክፍል ውስጥ ልጆቹን ያስቸገረው ነጥብ የቴስታታው፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተር ክፍል ጉዳይ ነበር። በቀደመው የኮሎምቦ ሞተር ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል፣ አየርና ቤንዚን በሚገባበት በኩል ስለተተከሉ ቦታው ይጣበብና ሁለት ሁለት ሲሊንደሮች አንድ መግቢያ ይጋሩ ነበር። ለቴስታ ሮሳ ካንዴላዎቹ ወደ ውጭ ተዛወሩ፤ በዚህም እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱን መግቢያ ሲያገኝ፣ አየርና ቤንዚን የሚቀላቅሉ፣ ባለ ሁለት ጉሮሮ የሆኑ ስድስት ዌበር ካርቡራተሮች ተደርድረውለት ሞተሩ ወደ 300 የፈረስ ጉልበት ደረሰ። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ ባስረዳም ልጆቹ ገልብጠው ከመጻፍ አላለፉም።

በጋራዡ ውስጥ ከአንድ አሮጌ ፊያት ሴይቸንቶ የወረደ ቴስታታ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። በስብሰባዎቻችን እምብዛም የማትናገር አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አንሥታ ከላይም ከታችም አገላብጣ ካየችው በኋላ፣ «ጋሼ፣ አራቱም ሲሊንደሮች የሚተነፍሱት በዚህች በአንዲት ቀዳዳ ነው እንዴ?» ብላ ባለ ጋራዡን አዛውንት ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም «አዎ ልጄ፣ ለታክሲ ምን አነሳት?» ብለው ሳቁ። እርሷ ግን ሳትስቅ ወደ ጓደኞቿ ዞራ «እንግዲያው እነዚያ ሰዎች የሠሩት ሥራ ካንዴላውን ከመንገድ ላይ ማንሳት ነዋ!» አለቻቸው። በጠመኔ ስደክምበት የከረምኩትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። አዛውንቱ የያዙትን ሥራ አቁመው ቴስታታውን ወደ ጠረጴዛ ካወጡ በኋላ፣ በውስጡ ያለውን መተላለፊያ ሽቦ እያስገቡ እስኪመሽ ድረስ አሳዩን፤ ለልፋታቸውም አንዳች ክፍያ አልተቀበሉንም።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የአካሉን ቅርጽ ተከታትለናል። አካል ሠሪው ስካሊየቲ የሠራው የመጀመሪያው አካል፣ በተዘጋ ከበሮ ውስጥ ስለሚሠራ ቶሎ የሚግለው የታምቡር ፍሬን እንዲቀዘቅዝ ሲባል ከፊት ጎማዎቹ ኋላ ወደ ውስጥ የተሰረጎደ ነበር። ልጆቹ ይህንን ቅርጽና በ1961 የፌራሪው መሐንዲስ ካርሎ ኪቲ ያወጣውን ባለ ሁለት አፍንጫና ከኋላው ከፍ ያለውን ቅርጽ ከካርቶን ሠርተው፣ በቬንትሌተር ፊት የዕጣን ጢስ በመልቀቅ አነጻጽረዋል። ጢሱ በመጀመሪያው ሞዴል ስርጉድ ላይ ሲዞርና ሲበተን ሁላችንም አይተናል፤ ፌራሪም ያንን ቅርጽ የተወው በከፍተኛ ፍጥነት መኪናውን ስለሚያውከው ነው። ሙከራው ሳይጠናቀቅ የኤሌክትሪክ ኃይል ሄዶ ሲመለስ ቬንትሌተሩ ተቃጠለ፤ በፈተና ሰሞንም ጥቂት አባላት ቀርተውብናል።

በውጤት ረገድ መኪናው በ1958 የቦነስ አይረስን፣ የሴብሪንግን፣ የታርጋ ፍሎሪዮንና የለማንን ውድድሮች አሸንፏል፤ በለማን በከባድ ዝናብ የነዱት ፊል ሂልና ኦሊቪየር ዣንደብየን ነበሩ። ልጆቹን የበለጠ ያከራከራቸው ግን የ1959 ሽንፈት ነው። ጃጓር አየር እያገኘ ቶሎ በሚቀዘቅዘው በዲስክ ፍሬን ለማንን ያሸነፈው በ1953 ሆኖ ሳለ ፌራሪ በታምቡር ፍሬን ለዓመታት ቆይቷል፤ ለ1959 ዲስክ ቢገጥምም በለማን የድርጅቱ መኪናዎች በሙሉ ከውድድር ወጥተው አስተን ማርቲን አንደኛና ሁለተኛ ወጣ፣ ሻምፒዮናውንም ወሰደ። በ1960 እና በ1961 ለማንም ሻምፒዮናውም ወደ ፌራሪ ተመለሱ። በ1962 ለማን እስከ 4 ሊትር ሞተር ስለፈቀደ፣ የዚሁ መኪና ዝርያ የሆነው ባለ 4 ሊትሩ፣ ሞተሩ ከሾፌሩ ፊት ከሆኑት መኪናዎች ለማንን በአጠቃላይ አሸናፊነት የወሰደ የመጨረሻው ሆነ።

ለእግር ኳስ ቡድናችን ማልያ በየዓመቱ የሚገኘው በጀት ለአንድ ቬርኒየር ካሊፐር (የረቂቅ ልኬት መሣሪያ) አለመገኘቱን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ማልያውን አልቃወምም፣ እኛም ሜዳ ወጥተን እናጨበጭባለን። ለመጪው ዓመት ያቀድነው ሞተሩ ከሾፌሩ ኋላ የተዛወረበትንና በ1963 ለማንን ያሸነፈውን ፌራሪ 250 ፒ ማጥናት ነው። ለዚህም ልጆቹ ፈተው የሚገጥሙት አንድ የማይሠራ ሞተር፣ የመፍቻ ስብስብና አንድ ቬንትሌተር ያስፈልገናል። ከወላጆች መካከል በግቢው ውስጥ አሮጌ ሞተር የጣለ ካለ፣ ለወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ጽሕፈት ቤት ቢያሳውቅ ከነዝገቱ ራሳችን መጥተን እናነሣለን።