ለአባዬ፦ ስለነዚያ ልክ ስላጡ ፊልሞች

አባዬ፣ እንዴት ነህ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኔ ደህና ነኝ፣ የዱባይ ሙቀት ብቻ ነው ያስቸገረኝ።

ባለፈው ስንደዋወል «አንተ ልጅ፣ ሽበት እያበቀልክ አሁንም ያንን የተኩስ ፊልም ታያለህ? ምኑ ነው የሚጥምህ?» ብለኸኝ ነበር። ሥራ ላይ ስለነበርኩ ስቄ አለፍኩት፤ ጥያቄው ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። በቴሌግራም በድምፅ ልመልስልህ አስቤ ነበር፣ ግን ግማሹን ሳትሰማ እንቅልፍ እንደሚወስድህ ስለማውቅ ልጻፈው አልኩ። በል መነጽርህን አድርግ።

እኛ የሰፈር ልጆች ቪዲዮ ቤት ስንገባ ሕጉ አንድ ነበር። አክተሩ አይሞትም። ጥይት ይስተዋል፤ ቢመታም ትከሻውን ነው፤ ከዚያ ሸሚዙን ቀዶ ያስራትና ይቀጥላል። ስንወጣ ደግሞ ራምቦና ኮማንዶ ቢጋጠሙ ማን ያሸንፋል ብለን እስከ ቤታችን ስንጨቃጨቅ እንሄዳለን። አንድ ቀን ያው «ኮማንዶ» ካሴቱ ተከራይቶ እኛ ቤት መጣና አንተም ቁጭ ብለህ አየህ። አርኖልድ ያንን የሚያህል መትረየስ ታቅፎ፣ ደረቱን ገልጦ፣ ገላጣ ቦታ ላይ ቆሞ ሲያርከፈክፈው እኛ ትንፋሻችንን ውጠናል። አንተ ደግሞ «የኒውተን ሦስተኛ ሕግ የት ሄደ? ይሄ መሣሪያ ሰውየውን ወደ ኋላ አይገፋውም እንዴ?» አልክ። ክፍሉ ውስጥ ዝም ጭጭ። የፊዚክስ አስተማሪ አባት ይዞ ፊልም ማየት መከራ ነው፣ እውነቴን ነው።

ደግሞ ልክ ነህ። እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ብሶበታል። መኪና ነጂዎቹን ታውቃቸዋለህ፣ «ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ» የሚባሉትን። በ2011ዱ ፊልማቸው ቤት የሚያህል የብረት ካዝና በሁለት መኪና እየጎተቱ ሪዮን ሲያተራምሷት ይውላሉ። በ2015ቱ ደግሞ አቡ ዳቢ ውስጥ መኪናዋ የአንዱን ፎቅ መስታወት ሰብራ ወጥታ ሌላኛው ፎቅ ውስጥ ትገባለች። እነዚያ ፎቆች አሉ፣ ኢትሃድ ታወርስ ይባላሉ። ለሥራ አቡ ዳቢ የሄድኩ ጊዜ ሥራቸው ቆሜ አንጋጥጬ አየሁ። በመሐላቸው ያለውን ክፍተት ብታየው ደብተርህን አውጥተህ ስታሰላ ትውል ነበር። በ2021 ጭራሽ መኪናዋን ጠፈር አወጧት! እዚያ ላይ እኔም «ኧረ በሕግ አምላክ» ብያለሁ።

ታዲያ ምኑ ይጥመኛል?

የአጎቴ ሠርግ ላይ ያ አዛውንት ዱላቸውን ነጥቀው ሲነሱ ትዝ ይልሃል? «ዘራፍ!» ብለው ድንኳኑን እየተንጎራደዱበት፣ ያን ጊዜ በአንድ ጥይት ይሄን ያህሉን እንዲህ አደረግኩት፣ ያንን ገደል እንዲህ ዘለልኩት እያሉ ሲፎክሩ አንተ ማስረጃ አልጠየቅክም። ኒውተንንም አልጠራህም። ወንበርህን ገፍተህ ብድግ አልክ፣ ዓይንህ ቀላ፣ የያዝከው ብርጭቆ ግማሹ ሸሚዝህ ላይ ፈሰሰ፣ እማዬ እጅህን ይዛ ባታስቀምጥህ ኖሮ አንተም ልትቀጥል ነበር። ፎካሪው እንደሚያጋንን እሳቸውም ያውቃሉ፣ ድንኳኑም ያውቃል። ልኩን ባያልፍ ማን ይነሳለት ነበር? እኔም እነዚህን ፊልሞች የማየው እንደዚያ ነው። ሽለላ ናቸው። ቢያጋንኑ አይከፋኝም፣ ሲቀዘቅዙ ነው የምጠላቸው።

ይሄ ነገር ፍንትው ብሎ የገባኝ «አር አር አር» የሚባለውን የህንድ ፊልም ሳይ ነው። የ2022 ፊልም ነው፣ ቋንቋው ቴሉጉ፣ ዳይሬክተሩ ራጃማውሊ። ክፍሌን የሚጋራኝ የሃይደራባድ ልጅ ነው እጄን ይዞ ሲኒማ ቤት የወሰደኝ። ታሪኩ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን ነው። ሁለቱ ጀግኖች እውነተኛ ሰዎች ናቸው፣ አንዱ እንግሊዝን፣ ሌላው የሃይደራባዱን ገዢ ኒዛምን የተዋጉ፣ ግን ተገናኝተው አያውቁም፤ ዳይሬክተሩ «ጓደኛሞች ቢሆኑስ?» ብሎ ነው የፈጠረው። አንደኛው በእንግሊዙ ገዢ ግብዣ ላይ ነብርና አጋዘን የጫነ መኪና ይዞ ግቢው ውስጥ ይገባል፣ አውሬው ሁሉ ከነእሱ እየዘለለ ሲወርድ ሱፍ የለበሰው እንግዳ እግሬ አውጪኝ ይላል። ሲኒማ ቤቱ በፉጨት ተናጋ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ አንተን የሚያህሉ ናቸው፣ ቆመው ነበር የሚያጨበጭቡት። ቅኝ ገዢ ሲዋረድ ማየት ለእኛም ሩቅ አይደለም አባዬ፣ አድዋ ሲነሳ አንተ ምን እንደምትሆን አውቃለሁ። (የዘፈኑን ነገር ሰምተህ ይሆናል፣ በ2023 ኦስካር የወሰደው እሱ ነው።)

ሌላም አለ። ውሸቱ ውስጥ እውነተኛ ሰው አለ። እዚህ የፎቅ መስታወት የሚያጸዱ ልጆችን እንደምቆጣጠር ታውቃለህ። በበጋ ገመዱን የሚይዘው ብረት ራሱ በጓንት ካልሆነ አይነካም፣ ነፋሱ ደግሞ ከላይ ሌላ ነው፣ ታች ቆመህ ቅጠል ሳይወዛወዝ ላይ ያለው ልጅ ግድግዳው ላይ ይላጋል። ቶም ክሩዝ በ2011 በወጣው ፊልሙ ቡርጅ ኸሊፋ ላይ ሲንጠላጠል ያየነው ራሱን ነው። 828 ሜትር የሚረዝም ሕንጻ ነው! ጫፉ ላይ ነበር እያልኩህ አይደለም፣ ግን መውደቅ ለማይፈቀድበት ከፍታ ይበቃል። በገመድ ታስሮ ነበር፣ ገመዱን በኋላ በኮምፒውተር አጠፉት። ልጆቼ ያንን ቦታ ባዩት ቁጥር ስለ ቋጠሮው ይከራከራሉ እንጂ ስለ ታሪኩ አንድም አያወሩም። እኔም ሁሉም ነገር በኮምፒውተር የተሠራበትን ፊልም ቶሎ የምሰለቸው ለዚህ ነው፤ ማንም የማይወድቅበት ከሆነ ምን ያስፈራኛል?

አንተም እኮ ንጹሕ አይደለህም። አክስቴ ነግራኛለች፣ ሲኒማ ራስ «ሾሌ» የሚባለውን የህንድ ፊልም አይተህ አክተሩ አሚታብ ባቻን ሲሞት አልቅሰህ ነው የወጣኸው። ስለሱ አንድ ነገር ልንገርህ። በ1982 «ኩሊ» የሚባለውን ፊልም ሲሠራ ድብድብ ላይ ሆዱን ክፉኛ ተጎድቶ ለሞት ደርሶ ነበር። ሕዝቡ በየቤተ መቅደሱ ጸሎት ያዘ። ተረፈ። በመጀመሪያው ድርሰት ገጸ ባሕሪው መጨረሻ ላይ ይሞት ነበር፤ ዳይሬክተሩ ማንሞሃን ዴሳይ ግን ያ ሁሉ ሰው የለመነለትን ሰውዬ ፊልም ላይ እንዴት ልግደለው ብሎ መጨረሻውን ቀየረው። የተጎዳባት ቦታ ላይ ደግሞ ምስሉን ቀጥ አድርገው አስቁመው ጽሑፍ አስገብተውበታል። አክተሩ አይሞትም የምንለው ቪዲዮ ቤት ብቻ ይመስልሃል?

ትንሹ አጎቴ እነዚህን ፊልሞች ሲያይ ተነስቶ እንደሚወጣ አልረሳሁም። እሱ የጦር ግንባሩን አይቶታል፣ ጓደኞቹን ቀብሮ ነው የመጣው፣ ለእሱ የተኩስ ድምፅ ጨዋታ አይደለም። እሱ ባለበት ከፍቼ አላውቅም፣ አልከፍትምም። እሱን እንዲያይ ማንም እንዳይጎተጉተው፣ አንተም ንገራቸው።

አንተ ግን አታመልጠኝም። «አር አር አር»ን በፍላሽ ለእህቴ ልጅ ልኬለታለሁ፣ ቅዳሜ ይዞልህ ይመጣል። ከሦስት ሰዓት በላይ ስለሆነ ከምሳ በኋላ ጀምሩት፣ የስኳር መድኃኒትህንም ሳትውጥ እንዳትቀመጥ። መጀመሪያ አካባቢ ድልድይ ላይ የሚቃጠል ባቡር ይመጣል። ሁለቱ ሰዎች አንዱ በፈረስ አንዱ በሞተር ሳይክል ሆነው፣ በአንድ ገመድ ተያይዘው፣ ከድልድዩ ግራና ቀኝ ይዘላሉ። እዚያ ጋ ልጁን «አቁም» በለውና ደውልልኝ። ገመዱ ያንን ክብደት አይችልም ባይ ነኝ፣ አንተ ደግሞ ትክክለኛውን ቁጥር ትነግረኛለህ።

ልጅህ