ከአይጦቹ በፊት ኬጁን ቁጠሩ

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

በአይጥ አንጀት ባክቴሪያ ላይ የምትሠሩትን የቀጣዩን ሙከራ ዕቅድ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። አይጦች አንዱ የሌላውን ኩስ ይበላል። ስለዚህ በአንድ ኬጅ (የአይጥ ማኖሪያ ሳጥን) የሚኖሩት የአንጀት ባክቴሪያቸው ውሎ አድሮ ይመሳሰላል። መድኃኒት የወሰዱ 5 አይጦች በአንድ ኬጅ፣ ያልወሰዱ 5 በሌላ ኬጅ ካሉ፣ ያያችሁት ልዩነት ከመድኃኒቱ ይሁን ከኬጁ አታውቁም። የናሙናችሁ ብዛት 10 አይጥ ሳይሆን 2 ኬጅ ነው ማለት ነው። ብዙ ድካም በዚህ ምክንያት ውሃ በልቶታል።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ዘራቸው አንድ ሆኖ ከተለያዩ አርቢዎች የመጡ አይጦች በትንሹ አንጀታቸው ያለው ቲኤች17 የተባለው የበሽታ መከላከያ ሴል ብዛት እንደሚለያይ አሳይቷል። ዋናው ምክንያት አንድ ክር መሰል ባክቴሪያ ነበር። አንድ ብቻ!

ጂናቸው የተለወጠና ያልተለወጠ አይጦችን ስታወዳድሩ ከአንድ እናት አብረው የተወለዱትን ውሰዱ። መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቡድን ብዙ ኬጅ መድቡ፣ ምደባውም በዕጣ ይሁን።

ባክቴሪያዎቹን ለመለየት ከናሙናው ዲኤንኤ ስታወጡ ናሙና የሌለበት ባዶ ቱቦም አብራችሁ ሥሩ። ዲኤንኤ የምታወጡበት ኪት ኬሚካል ራሱ የባክቴሪያ ዲኤንኤ ሊኖርበት ይችላል፤ ባክቴሪያ የሚያንሰው ናሙና ላይ ይሄ ጉድ ይሠራል።

ዕቅዳችሁን ስትልኩልኝ እያንዳንዱ አይጥ የትኛው ኬጅ እንደሚገባ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አያይዙልኝ።