መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት፦ ከለሩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ግድግዳው ይድረቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደሴ ነው የምኖረው፣ እንጀራዬም ቀለም መቀባት ነው። ነሐሴ ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ለእንቁጣጣሽ ቤት ማሳመር የኖረ ነው፣ ደስም ይላል። ግን ከሚደውሉልኝ ብዙዎቹ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «መታጠቢያ ቤታችን ጠባብ ነው፣ መስኮት የለውም፣ ግድግዳው ጠቁሯል፤ ምን ከለር ይሻለዋል?» መልሴ ለሁሉም ያው ስለሆነ በጋዜጣችሁ በኩል ልናገረው ብዬ ነው የጻፍኩት። ከለር የሚመረጠው መጨረሻ ላይ ነው።

ደሴን የሚያውቅ ይህን አይስተውም። ከተማው ጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ ነው ያለው፣ ስለዚህ ቦታው ተቆርጦ ተደልድሎ ነው ቤት የሚሠራው፣ የብዙ ቤት ጀርባም ከተቆረጠው አፈር ጋር እንደተጣበቀ ይቀራል። መታጠቢያ ቤቱ የሚደረገው ደግሞ እዚያው ጀርባ ጥግ ላይ ነው። መስኮት ይውጣለት ቢባል ወዴት? ክረምት ሲሆን አፈሩ ውሃ ይጠጣል፣ ውሃው በብሎኬቱ እየሰረገ ወደ ውስጥ ይገባል። በዚያ ላይ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ግድግዳው ይቀዘቅዛል። የሻወሩ እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲያገኝ ወዲያው ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል ይሄኛው ትንሽ ይቀላል። እኛ ጋ ግን ለውዱእ፣ ለሻወር፣ ለልብስ አጠባ ቀኑን ሙሉ ውሃ የሚፈስበት ክፍል መቼ ይድረቅ?

እርጥበቱ ከግድግዳው ነው ወይስ ከእንፋሎቱ? ይህን ሳይለዩ ቀለም መግዛት ብር መጣል ነው። መለየቱ ቀላል ነው። ግድግዳውን በጨርቅ አድርቁና ደብተር የሚያክል ላስቲክ ዙሪያውን በስኮች አሽጋችሁ ለጥፉበት፣ ለአንድ ቀን ተዉት። ውሃው ከላስቲኩ ሥር፣ በግድግዳው በኩል ከተገኘ ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው። ላስቲኩ ላይ፣ በእናንተ በኩል ከሆነ እንፋሎት ነው።

ከውስጥ የሚመጣውን የትኛውም ቀለም አያቆመውም። ወይ ቧንቧ ያፈሳል፣ ወይ ከቤቱ ጀርባ ቦይ የለም። ዘይት ቀለም ደርበው የሚቀቡ አሉ፣ «ውሃ አያስገባም» እየተባለ። እውነት ነው፣ አያስገባም፣ ግን የገባውንም አያስወጣም። ከወራት በኋላ ግድግዳው ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይወጣል፤ በጣት ሲጫኑት ፍርጥ ይልና ቢጫ ውሃ ይወርዳል፣ ከሥሩ ያለው ስቱኮ እንደ ሊጥ ለስልሶ በጥፍር ይነሳል። ጄሶ ያለበት ስቱኮ እርጥበት አይችልም። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቀዳዳ የሚደፈነው በሲሚንቶ ነው፤ ቀቢያችሁን ምን እንደሚደፍንበት ጠይቁት፣ መብታችሁ ነው። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ከሆነ ደግሞ ወር ያህል ሳይሞላው ዘይት ቀለም አታስነኩት፣ ሲሚንቶው ቀለሙን ይበላውና እየተላጠ ይወርዳል።

ጥቁሩ ነገር ሻጋታ ነው። በቀለም ሲሸፈን አይሞትም፣ ተመልሶ ይወጣል። በተበረዘ በረኪና ታጥቦ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ በንጹህ ውሃ ተለቅልቆ ይድረቅ። አደራ፣ በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር እንዳትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፣ መስኮት በሌለበት ክፍል ደግሞ መሸሻ የለም። በሩን ከፍታችሁ ሥሩ። የድሮ ዘይት ቀለም የምትፍቁ ከሆነም ልጆችን አርቁ፣ ግድግዳውን አርጥባችሁ ፋቁት። አሁን አገራችን በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ የሚባል መርዛማ ብረት በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) የሚገድብ ደንብ አላት፣ ከዚያ በፊት የተቀባ ግድግዳ ውስጥ ግን ምን እንዳለ በዓይን አይታይም።

አሁን ወደ ከለሩ። ብዙ ሰው ቡናማ ወይም ጥቁር ሰማያዊ የሚመርጠው «እድፉን ይደብቅልናል» ብሎ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። መደበቁ ነው ችግሩ፣ ሻጋታው ሲጀምር ካላያችሁት መቼ ታጥቡታላችሁ? ደግሞ ያን ጠባብ ክፍል ይባስ ያጠበዋል። ንጹህ ነጭም ቢሆን የፀሐይ ብርሃን በማያገኝ ክፍል ውስጥ አመድማ ይመስላል። እኔ የምመክረው ለጋ የቅቤ ከለር፣ ክሬም፣ ወይም ቢጫ በጣም በትንሹ የገባበት ነጭ ነው። አረንጓዴ መስተዋት ባለበት ግድግዳ ላይ አልወድም፣ ፊት ላይ ያንጸባርቅና ጤነኛውን ሰው በሽተኛ ያስመስላል። ኮርኒሱንም በዚያው ከለር ቀቡት፣ ግድግዳው የት እንዳለቀ ዓይን ስለማይለየው ክፍሉ ከፍ ያለ ይመስላል።

ከለሩን በሱቅ ካርድ ብቻ አትምረጡ። መስኮት የሌለው ክፍል ፀሐዩ አምፖሉ ነው። ካርቶኑ ላይ 3,000 ኬልቪን ገደማ የሚል አምፖል ቢጫማ ያበራል፣ 6,500 የሚለው ሰማያዊ ይመታዋል፤ ያው ክሬም በአንዱ ሞቅ ይላል፣ በሌላው ይገረጣል። ቁራጭ ጣውላ ሁለቴ ቀቡና መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ አቁሙት፣ በሩን ዝጉ፣ መብራቱን አብሩና እዩት። ከዚያ ግዙ።

ዓይነቱ ደግሞ የሚታጠብና ትንሽ የሚያብለጨልጭ የውሃ ቀለም ይሁን፣ ሻጋታ ይከላከላል የሚል ካገኛችሁ በጣም ጥሩ። የማያብለጨልጨው እርጥበት ይመጥጣል፣ ሲታጠብም ይለቃል። ሳሳ አድርጎ ሁለት ጊዜ መቀባት አንዴ ከማወፈር ይሻላል፣ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደረብ።

አየር ካልወጣ ግን ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው። ትንሽ የአየር ማውጫ ፋን አስገቡ፣ ቧንቧውም እስከ ውጭ ይድረስ። ኮርኒስ ውስጥ የሚተፋ ፋን እርጥበቱን ጣሪያው ሥር ያከማቸዋል እንጂ አያስወጣውም። ከበሩ ሥር ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይተው። ታጥባችሁ ስትወጡ በሩን ክፍት ተዉት።

የቤት ባለቤቶችንም አንድ ነገር ልለምን። ተከራዩ «ግድግዳው ጠቆረ» ሲላችሁ «አንተ ነህ አየር የማታስገባው» አትበሉት። በየቤቱ ሕፃናት ሲያስሉ አያለሁ፣ ያሳዝነኛል። ከቤቱ ጀርባ ያለውን ቦይ ማስጠረግ የባለቤት ሥራ ነው።

ለዘንድሮ እንቁጣጣሽ ሳሎኑን ቀቡ፣ አብሽሩ፣ እንግዳው የሚቀመጠው እዚያ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳው እስኪደርቅ ጥቅምት ይጠብቅ። እናንተም አዘጋጆች ሆይ፣ አዲስ ቤት ለሚሠሩ ሰዎች ይህን ጻፉልኝ፤ መታጠቢያ ቤቱን ጀርባ ጥግ ላይ ማድረግ ግድ ከሆነ ጣሪያው ከመመታቱ በፊት የአየር ማውጫ ቧንቧ ይቅበሩለት። ያን ጊዜ ወጪው ትንሽ ነው፣ በኋላ ግን ጣሪያ ማስበሳት ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ቀለም ቀቢ፣ ከደሴ