አባዬ፣ መናኸሪያ ላይ ለጠየቁኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጾሙስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ ስለ እርስዎ ማውራት አልተዉም። ትንሿ የሰጧትን መቁጠሪያ አንገቷ ላይ አድርጋ ነው የምትተኛው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ባለፈው ታኅሣሥ ስሸኝዎ የጠየቁኝ ነገር ከልቤ አልወጣ ስላለ ነው። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል እጄን ያዙና፣ «ልጄ፣ ሚስትህ ሐኪም ናት። አንተስ በዚህ ቤት ምንድን ነህ?» አሉኝ። ተቆጥተው አልነበረም፤ አዝነው ነው። ሁለት ሳምንት እኛ ጋ ሲቆዩ ሁሉን አይተዋል። እኔ ልጆች ሳጥብ፣ ሽሮ ስሠራ፣ እኩለ ሌሊት ላይ የተማሪዎቼን ፈተና ሳርም። እሷ ዱቲ አድራ ጠዋት ስትገባ፣ ጉልበትዎን ስማ ገና ሳትቀመጥ እንቅልፍ ሲጥላት። ያኔ መልስ አልሰጠሁዎትም። አውቶቡሱ ወደ አዴት መንገድ ሲታጠፍ እያየሁ ቆሜ ቀረሁ።

ልጅ ሳለሁ ስለ አንድ ሌሊት ነግረውኝ ነበር። የጎረቤታችን ሚስት ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ወደ ቢቸና ስትወስዷት። ክረምት ነበር፣ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል አሉኝ። ስምንት ሆናችሁ አራቱ ይሸከማሉ፣ አራቱ በጎን ይሄዳሉ። የደከመው «ትከሻ!» ሲል የጎኑ ሰው ይገባለታል። ማንም አይቆምም፣ ቃሬዛው መሬት አይነካም። እኔን የገረመኝ ይሄ ነበር። ሴትየዋ ግን መንገድ ላይ አረፈች። ያን ዕለት ነግረውኝ ሲጨርሱ፣ «ብንደርስስ በዚያ ሌሊት ማን ይቀበለን ነበር?» ብለው ዝም አሉ።

አባዬ፣ ምራትዎ ቃሬዛውን የምትቀበለው ሰው ናት።

የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ለመሆን ጠቅላላ ሐኪም ከሆነች በኋላ እንደገና 4 ዓመት መማር አለባት። ትምህርቱ ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ ብቻ አይደለም። ቀን በሽተኛ አክማ፣ ሌሊት አድራ፣ በማግስቱም እዚያው ትውላለች። ከገጠር የሚመጡት እናቶች ብዙዎቹ ደክመው ነው የሚደርሱት። አንድ ቀን ለምን እንደማትቀመጥ ስጠይቃት አስረዳችኝ። ልጅ ከወጣ በኋላ ማህፀን ጨብጦ ደሙን መዝጋት አለበት። ካልጨበጠ ጤነኛዋ ሴት በሰዓታት ውስጥ ትሞታለች። መድኃኒቱ እስኪሠራ በእጃቸው ሆዷን እያሹ የሚቆሙበት ጊዜ አለ። ሴቲቱ «ማርያም ማርያም» ትላለች፣ ደጅ ያሉት ዘመዶቿም እንደዚያው። «እኔም በልቤ እላለሁ፣ እጄ ግን አይቆምም» አለችኝ።

ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ሆኜ ግን በድያታለሁ። አልደብቅዎትም። የጽዋ ማኅበራችን ተራ እኛ ቤት የደረሰ ዕለት ነው። ጠላው ተጠምቆ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ካህኑም ማኅበርተኛውም ተሰብስቦ ሳለ ስልኳ ጮኸ። ዱቲ አልነበረችም፤ ግን ሰው አንሷቸው ነበር። የሐበሻ ቀሚሷን እንኳ ሳትቀይር ወጣች። እኔ በእንግዳ ፊት ተዋረድኩ ብዬ ስቃጠል ዋልኩ። ማታ ስትመጣ ገና በር ላይ ጮህኩባት። ሦስት ቀን አልተነጋገርንም።

በአራተኛው ቀን የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄጄ ክሴን ዘረገፍኩት። ዝም ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ሴትየዋስ ተረፈች?»

አላውቅም ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ አንዴም አልጠየቅኋትም።

ቤት ገብቼ ጠየቅኋት። እናትየው ተርፋለች፣ ልጁ ግን አልተረፈም። ያንን ብቻዋን ይዛ፣ የእኔን ኩርፊያ ደርባ፣ ሦስት ቀን ሥራ ወጥታ ገብታለች። ይቅር በይኝ አልኳት። ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አብረን ደገምን። ድምፅዋ ሲቆረጥ እኔ እቀጥላለሁ፣ የእኔ ሲቆረጥ እሷ ትቀበለኛለች። እውነቱን ልንገርዎ፣ ትዳራችን የጸናው ከዚያ ማታ ወዲህ ነው።

አሁን ስትገባ መጀመሪያ የምጠይቃት ስለ በሽተኞቿ ነው። ግድግዳ ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ የእሷ ዱቲ፣ በሰማያዊ የእኔ ፈተና ይጻፍበታል። በዓላቱ አስቀድሞም እዚያው ታትመዋል። ነቅቶ ያደረው ሰው ለሁለታችንም ይጸልያል። ባለፈው ፋሲካ እሷ ማዋለጃ ክፍል ነበረች። እኔ ልጆቹን ይዤ ቅዳሴ አስቀድሼ፣ ሌሊት 9 ሰዓት አልፎ ዶሮውን በሳህን ይዘን እሷ ጋ ሄድን። ከነጋውኗ ወጥታ ኮሪደር ላይ ቆማ ፈሰከች። ሁለት ጉርሻ እንኳ አልጨረሰችም፣ ተጠራች። ልጆቹ አላለቀሱም። «እማዬ ሕፃን ልታመጣ ሄደች» ተባባሉ።

እኔንም ማን እንደሚሸከመኝ ይወቁ። በክረምት ማስተርሴን ስማር እንቅልፏን ቆርጣ ልጆቹን የያዘችው እሷ ናት። ታይፎይድ የጣለኝ ጊዜም አጥሚት አፍልታ በማንኪያ አጉርሳኛለች። የዱቲ ክፍያዋ ለወራት ሲዘገይባት ደግሞ በእኔ ደመወዝ ኖርን። የማን ብር ነው የሚል ጥያቄ እኛ ቤት የለም። በተክሊል ስንጋባ ካህኑ አክሊሉን የደፉት ለሁለታችንም ነበር። እርስዎም እዚያው ቆመው አልቅሰዋል።

እንግዲህ በዚህ ቤት ምንድን ነህ ላሉኝ፣ ከቃሬዛው ጎን የምሄደው ሰው ነኝ። ተራዬ ሲደርስ እገባለሁ። አይዘኑልኝ፣ አባዬ። ይልቅ በጸሎትዎ ስሟን ከስሜ ጋር ያንሱልን።

አንድ ነገር ቀረኝ። እሷ ልትነግርዎ አፍራ ነው። እዚህ ሳሉ ቡናውን ከሲኒው ውጪ ሲቀዱ አይታለች። የግራ ዓይንዎን ሞራ ሳይጋርደው አልቀረም ትላለች። ሞራ ደግሞ በአጭር ኦፕሬሽን ይወጣል፣ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። ጠበልዎን ይተዉ የሚልዎት የለም። እሷም ትጠመቃለች። በልጅነቴ ያስነበቡኝ መጽሐፈ ሲራክ፣ ምዕራፍ 38 ላይ ሐኪሙን አክብሩት፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። የዓይን ሐኪም ጓደኛዋን አነጋግራለች፤ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ያይዎታል።

መንገዱ ሰላም ከሆነ በሞጣ በኩል ይምጡ። ቀኑን ብቻ ቀደም ብለው ይደውሉልን። መናኸሪያ የምትቀበልዎ እሷ ናት። ዱቲዋን ከአሁኑ ቀይራለች።

ልጅዎ፣
ከባሕር ዳር