ኳሷን እስኪመታት

ሰላም ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ ለማለት እንኳ አፈርኩ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። እናትህ ያረፉ ጊዜ ሦስቱንም ቀን ለቅሶ ቤት ተቀምጫለሁ። ላንተ ግን «እግዚአብሔር ያጽናህ» የምትል አንዲት መልእክት ልኬ ጠፋሁ። ምን እንደምል ጨንቆኝ ነበር። ከዚያ ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩም አለፈ፣ ሲቆይ ደግሞ ጭራሽ አፈርኩ። ታውቀኛለህ። ይቅር በለኝና ወሬዬን ስማ።

ካታቡቺ አዲስ ፊልም እየሠራ ነው!

ሱናዎ ካታቡቺ፣ ጃፓናዊው የአኒሜ (የካርቱን ፊልም) ዳይሬክተር፣ የሱዙን ፊልም የሠራው። «በዚህች የዓለም ጥግ»። ልትሄድ ሰሞን እናንተ ሳሎን ላፕቶፕ ላይ ያየነው። ሱዙ ቀኝ እጇን ያጣች ጊዜ «ውኃ ልጠጣ» ብለህ ወጥተህ ቶሎ አልተመለስክም። አላየሁም ብዬ ዝም አልኩህ እንጂ አይቼሃለሁ።

አዲሱ ፊልም የዛሬ 1,000 ዓመት ገደማ ኪዮቶ ውስጥ ነው። ሴይ ሾናጎን የምትባለው የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ዘመን። የዚያ ዘመን ስም ሲነሣ ሰው የሚያስበው ግጥም፣ ሐር ልብስና የጨረቃ ምሽት ነው። ካታቡቺ ግን ዓይኑን የጣለው ወረርሽኙ ላይ ነው። ሰው በሰው ላይ ይሞታል፣ የቀረው ሐዘን ይለብሳል። የጃፓንኛው ርዕስ ራሱ የቀለም ስም አለበት፤ ጹሩባሚ ይሉታል፣ በበሉጥ ዛፍ ፍሬ የተነከረ የሐዘን ልብስ ጥቁር ቀለም። ይህን ሳነብ እህትህ ዓመት ሙሉ ያላወለቀችው ጥቁር ቀሚስ ትዝ አለኝ። ብዕር ያነሣሁትም ለዚህ ነው መሰለኝ።

ሰውየው ደግሞ አይቸኩልም። ለሱዙ ፊልም ምን እንዳደረገ ታውቃለህ? ሂሮሺማ ውስጥ ናካጂማ የሚባል የገበያ ሰፈር ነበር፤ ቦምቡ ጠራርጎት ዛሬ የመታሰቢያ ፓርክ ሆኗል። ካታቡቺ የድሮ ፎቶ እየለቀመ፣ እዚያ ያደጉ ሽማግሌዎችን እየጠየቀ፣ የትኛው ሱቅ ከየትኛው ቀጥሎ እንደነበር አጣርቶ ነው መንገዱን ያሣለው። ከቦምቡ የተረፈ አንድ የኪሞኖ ሱቅ ሕንፃ እስካሁን ፓርኩ ውስጥ ቆሟል፤ ፊልሙ መጀመሪያ ላይ ታገኘዋለህ። እስኪ መልሰህ እየው። ያኔ እኛ ዝም ብሎ ሥዕል መስሎን ነበር ያለፍነው።

የሱዙ አካሄድስ? ለስለስ ብላ፣ ሰው ሰው የምትሸተው? የጃፓን አኒሜ አብዛኛውን ጊዜ ሥዕል ይቆጥባል፤ ለአንድ ሰከንድ ስምንት ሥዕል ገደማ ይበቃዋል። እሱ ግን ለትንሿ እንቅስቃሴ ሳይቀር በመሀል በመሀል ሥዕል ጨመረበት። ይሄ ሁሉ ገንዘብ ይበላል። በ2015 በነሱ አቆጣጠር ከ3,000 በላይ ሰዎች እንደ እድር ከየኪሳቸው አዋጥተውለት ነው ፊልሙ በዓመቱ ሲኒማ የደረሰው።

ካፒቴን ማጅድ ትዝ ይለሃል፣ ያ የጃፓን የኳስ ካርቱን? ዲሽ የገባ ሰሞን፣ አንድ የዓረብኛ ቃል ሳይገባን አፋችንን ከፍተን የምናየው? እናትህ ከማድ ቤት ብቅ ይሉና «ሽንኩርቴን አቁላልቼ ተመለስኩ፣ ይሄ ልጅ አሁንም ኳሷን አልመታትም?» ይላሉ። ካታቡቺንም ቢያዩት ያንኑ ይሉት ነበር።

ሌላው የአኒሜ ዳይሬክተር ዩዋሳም አለልህ። አዲስ ስቱዲዮ ከፍቶ የባናና ዮሺሞቶን ልብ ወለድ ወደ ፊልም እያመጣው ነው። የዩዋሳ ገጸ ባሕርይ እንደ ማስቲካ ሲለጠጥ አንተን እንደሚያዞርህ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ሞቼለታለሁ። ስለ ሌላው ዳይሬክተር ስለ ሆሶዳ አልጽፍልህም። ልንጣላ ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። «እየተሠራ ነው» የሚል ወሬ ስሰማ ደስታዬ ውስጥ ትንሽ ፍርሃት አለች። የአኒሜ ዳይሬክተሩ ሳቶሺ ኮን በ2010 በነሱ አቆጣጠር በ46 ዓመቱ ሲያርፍ የጀመረው ፊልም እንደተንጠለጠለ ቀረ። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል። ካታቡቺ በነሱ አቆጣጠር የ1960 ልጅ ነው። ዕድሜ ይስጠው።

የካታቡቺ ፊልም ሲወጣ አንተ ጋ፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቀድሞ ይደርስ ይሆናል። እንዳታየው! ጠብቀኝ፣ ባንድ ሰዓት ከፍተን ስልክ ላይ ሆነን እናየዋለን። ላንተ ማታ ለኔ ንጋት ቢሆንም ግድ የለኝም።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ እናንተ ቤት እሄዳለሁ። አባትህ ደህና ናቸው፤ ዲሹም እዚያው ጣሪያው ላይ ዝጎ አለ። ከግቢው ሆኜ እደውልልሃለሁ። ካላነሣህ ደግሜ እደውላለሁ።